ሩመይሳና የጨርቅ ጭላዳዎቿ

የእኔ መድኃኒት ቤትና የኸይረዲን ልብስ ስፌት ፊት ለፊት ናቸው። መሃላችን የደባርቅ አስፋልት ብቻ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት በሬን ስከፍት መጀመሪያ የማየው የእነሱን በረንዳ ነው። ስለዚህ ስለ ኸይረዲን ልጅ ስለ ሩመይሳ የማወራው አብዛኛው በዓይኔ ያየሁት ነው። ያላየሁትን እሷ ነግራኛለች። አንዳንዱን ደግሞ አባቷ፣ እሷ በሌለችበት ሰዓት፣ ኩራቱን መደበቅ እያቃተው አውርቶኛል።

ኸይረዲን የታወቀ ሱሪ ሰፊ ነበር። ከዳባት ድረስ ጨርቅ ይዘው እሱ ዘንድ የሚመጡ ነበሩ። እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው ሩመይሳ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ነው። መጀመሪያ ክር በመርፌ ዓይን ማስገባት አቃተው፤ ቀጥሎ መቀሱ ከመስመር መውጣት ጀመረ። አንድ ቀን የአንድ ሙሽራ ኮት እጅጌ አበላሽቶ ቆረጠና ያንን እጅጌ ጭኑ ላይ አስቀምጦ እስከ ከሰዓት በኋላው የአሱር ሶላት ድረስ ምንም ሳይሠራ ተቀመጠ። በማግሥቱ የስፌት መኪናው ላይ የተቀመጠችው ሩመይሳ ነበረች። ኮቱን እሷ አስተካክላ ሰፋችው። ፈተናዋን ወሰደች፤ ውጤቱ ሲመጣ ግን ሄዶ ያመጣላት ሌላ ሰው ነው፤ እሷ ሥራ ላይ ነበረች።

እንዲህ ሆና ሱሪና የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ቆየች። ነገሩ የተለወጠው በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ በአንድ ቁራ ምክንያት ነው።

ቴዎፍሎስ የሚባል አስጎብኚ አለ፤ ቱሪስት ይዞ ወደ ስሜን የሚወጣ የሰፈራችን ልጅ። ያን ቀን ጠዋት እየተጣደፈ መጣና ከፌስታል ውስጥ አንድ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። የጨርቅ ጥንቸል ነበረች። አንድ ጆሮዋ የለም፤ ሆዷም ተዘርግፏል።

«ሩመይሳ፣ ይህችን ማዳን ትችያለሽ?»

«ምን አገኛት?»

«ስሜን፣ ሳንቃበር ላይ ቁራ ከቱሪስቶቼ ሕፃን ቦርሳ ላይ ነጥቆ አነሳት። በድንጋይ አስጥለነው ነው። ልጅቷ አራት ዓመቷ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። በስድስት ሰዓት ወደ ጎንደር ይወርዳሉ።»

ሩመይሳ ጥንቸሏን ለመስፋት መጀመሪያ መተርተር ነበረባት። ተርትራ ስትዘረጋት ግን እጇ ቆመ። እኔ ያን ጊዜ ለኸይረዲን የደም ግፊት ኪኒኑን ላደርስ ገብቼ ነበርና ፊቷን አይቻለሁ። ሰው ለዓመታት ያለፈበትን ግድግዳ በድንገት በር ሆኖ ሲያገኘው እንደዚያ ይመስላል።

«ጋሽ ሰጠኝ፣ ይህን እይ እስቲ» አለችኝ። «ሁሉም ዝርግ ቁራጭ ነው፤ ሲጋጠም ግን ይድቦለቦላል። ሱሪ ስሰፋ ጨርቁን የሚሞላው ሰውየው ነው። ይህችን ግን ቅርጽ የሚሰጣት ስፌቱ ራሱ ነው።»

ጥንቸሏን መልሳ ከመስፋቷ በፊት እያንዳንዱን ቁራጭ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ በእርሳስ ዞረችው። ለጎደለው ጆሮ ከአንድ አሮጌ ሻሽ ቆርጣ ተካች። በስድስት ሰዓት ልጅቷ መጥታ ጥንቸሏን ስታይ መጀመሪያ አዲሱን ጆሮ በጥርጣሬ ነካካችው፤ ከዚያ አቀፈቻትና ፊቷን በሆዷ ውስጥ ቀበረች። እናቷ አለቀሰች። ሩመይሳ ግን ልጅቷን ሳይሆን ወረቀቶቹን ነበር የምታየው።

ጥንቸል መሥራት አልፈለገችም። «ጥንቸል እዚህ አገር ማን ያያል?» አለች። ጭላዳ ልትሠራ ተነሳች፤ ያን ደረቱ ቀይ የሆነ፣ ሳር እየነጨ የሚውል የስሜን ዝንጀሮ። የመጀመሪያውን ጨርሳ በረንዳው ላይ ስታስቀምጠው ኸይረዲን መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየው።

«ጥጃ ነው?» አለ።

«ጭላዳ ነው፣ አባባ።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ! የሱሪ ሰፊ ልጅ ዝንጀሮ ሰፋች ሲባል እንዴት አድርጌ ልስማ?»

«ሱሪውንም እሰፋለሁ።»

ደግሞም ሰፋች። እስከ አሱር የሰው ሱሪ ትሰፋለች፤ ከአሱር በኋላ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጭላዳዋን ይዛ ትቀመጣለች። ሁለተኛው ድመት መሰለ። አምስተኛው ላይ ፊቱ መጣ። ስምንተኛው ላይ የደረቱ ቀይ ቦታ ልክ ሆነ። ችግሩ ክብደቱ ነበር፤ በቁርጥራጭ ጨርቅ ስለምትሞላው እንደ ድንጋይ ይከብዳል።

ይህን ችግር የፈታችላት ባንቻየሁ ናት። ባንቻየሁ ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ማዶ ካለ ቀበሌ የበግ ጸጉር ይዛ ቅዳሜ ገበያ የምትመጣ፣ ባሏ የሞተባት ጠንካራ ሴት ነች። ሩመይሳ ጸጉሩን ገዝታ በሙቅ ውሃ አጠበችው፤ ተጣብቆ እንደ ጭቃ ጓል ሆነ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንኑ ጓል ይዛ ወደ ገበያ ሄደች።

«እትዬ ባንቻየሁ፣ ይህ ምን ሆኖ ነው?»

ባንቻየሁ አይታ ሳቀች። «ቀቅለሽው ነዋ! ጸጉር እንደ ሥጋ ይቀቀላል? ቀዝቃዛ ውሃ፣ እንዶድ፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ ዘርግተሽ ለፀሐይ መስጠት ነው። ሲደርቅ በእጅሽ እየፈታታሽ ትባዝችዋለሽ። ነይ ላሳይሽ።»

እዚያው ገበያው ዳር ተቀምጠው አሳየቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሩመይሳ ጭላዳ ቀላልና ለስላሳ ሆነ፤ ሲጨመቅ ተመልሶ ይነፋል። ቴዎፍሎስ ጥቂቶቹን ወስዶ ቡይት ራስ ባለው ሎጅ መደርደሪያ ላይ አስቀመጣቸው፤ በሳምንቱ አለቁ።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ሩመይሳ ራሷ አትደብቀውም፤ ለዚያ ነው እኔም የማወራው። አንድ ከሰዓት በኋላ አንዲት ጎረቤታችን ሁለት ዓመት ያልሞላውን ልጇን አቅፋ እየጮኸች መድኃኒት ቤቴ ገባች። ልጁ ትንፋሹ ይቆራረጣል። አፍንጫው ውስጥ ጥቁር ነገር ገብቷል። በቶሎ ሆስፒታል ወሰድነው፤ ወጣለት፤ ደህና ሆነ። የወጣው ነገር ትንሽ ጥቁር የልብስ ቁልፍ ነበር። የሩመይሳ ጭላዳ ዓይን።

ማንም አልወቀሳትም። እናቲቱም «የልጅ ነገር ነው፣ ባቄላም ያስገባል» አለች። ሩመይሳ ግን ቁልፉን ተቀብላኝ በመዳፏ ይዛ ቆመች። ከዚያ መጋረጃ ጣል አድርጋ ሱቁን ዘጋችና ወጣች። ሦስት ቀን ሙሉ ከተማ ውስጥ ጭላዳ የሸጠችላቸውንና የሰጠቻቸውን ሰዎች ቤት አንድ በአንድ አንኳኳች። ዳባትም ወረደች። ያገኘችውን ሁሉ ሰብስባ ቁልፎቹን ነቅላ በምትካቸው ዓይኑን በክር ጠልፋ መለሰች። ቱሪስቶች ይዘዋቸው የሄዱት ግን አልተገኙም። ስለ እነሱ ለብዙ ጊዜ ትጨነቅ ነበር። «ጋሽ ሰጠኝ፣ እነሱ አገር ሐኪም ቅርብ ነው አይደል?» ትለኝ ነበር፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግማ።

ከዚያ በኋላ ከእጇ ቁልፍ ዓይን ያለው አሻንጉሊት ወጥቶ አያውቅም። የጠለፈችው ዓይንም ከቁልፉ የበለጠ ሕይወት አገኘ። ቡናማ፣ በላዩ ትንሽ ነጭ ነጥብ፣ ከላይ ደግሞ ገርጣ ያለ የዓይን ቆብ። ያንን ቆብ የጨመረችው ስሜን ወጥታ ጭላዳዎቹን ቀርባ ካየች በኋላ ነው።

በ2012 የኮሮና በሽታ መጣና ቱሪስቱ ቀረ። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። ሎጁ ተዘጋ፤ ቴዎፍሎስም ሥራ ፈታ። ትምህርት ቤቶቻችን ከደጋውም ከቆላውም በተፈናቀሉ ሰዎች ሞሉ። ሩመይሳ ያልተሸጡ ሠላሳ ያህል ጭላዳዎች ነበሯት። በማዳበሪያ ከረጢት ሞልታ ተሸክማ ወደ አንዱ ትምህርት ቤት ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ፤ እኔ መድኃኒት ይዤ ነበር።

ልጆቹ መጀመሪያ አልቀረቡም። አንዲት አሮጊት ግን አንዱን ጭላዳ አንስተው አገላብጠው ካዩ በኋላ ጮክ ብለው ሳቁ። «ገብሴን የሚጨርሰውን ሌባ አምጥታ ልታሳቅፈን! ኧረ ይህ እሱ ራሱ ነው! ዓይኑን አያችሁት? ከማሳ ሲባረር እንደዚህ ነው ዞሮ የሚያየኝ!»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከስንት ቀን በኋላ የተሳቀ ሳቅ እንደነበር አላውቅም። ልጆቹ ወዲያው ተሻሙባቸው፤ ስም አወጡላቸው፤ ገብስ ጠባቂና ገብስ ሌባ እየሆኑ ተጫወቱ። ሩመይሳ ደጃፉ ላይ ቆማ እያየቻቸው «ሞኝ ነኝ» አለችኝ። «ስንት ዓመት የፈረንጅ ልጅ እያሰብኩ ነው ስሰፋ የኖርኩት። እነዚህ አሉልኝ ለካ።»

ነገሩ ከረገበ በኋላ የደባርቅና የዳባት እናቶች እየመጡ ማዘዝ ጀመሩ። ሁለት ሴቶች ቀጠረች። ሦስት ሆነው በሳምንት አምስትና ስድስት ይጨርሱ ነበር። በ2016 ታዲያ አዲስ አበባ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት የምታስተዳድር ኔታ የምትባል ሴት ስልክ ደወለችና አራት መቶ ጭላዳ አዘዘች፤ ለአዲሱ የትምህርት ዘመን የሚደርስ።

ኸይረዲን ሲሰማ «በእጅ ከሆነ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ይደርስላቸዋል» አለ።

ጎንደር ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ አንድ ድርጅት ነበር። ባለቤቱ ሀብተ ሚካኤል የሚባል ከወጣትነቱ ጀምሮ ጨርቅ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። ሩመይሳ ወረቀቶቿንና አንድ ጭላዳ ይዛ ሄዳ ተዋዋለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ናሙናው በመኪና መጣ። ከካርቶኑ ስታወጣው አጠገቧ ነበርኩ። ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ ነው። ግን ድብ ነበር። የደረቱ ቀይ ቦታ በካርድ ላይ እንደሚሳለው የልብ ቅርጽ ሆኗል። ዓይኑ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ነው። ብታስቀምጠው ወደ ኋላ ይወድቃል።

ወዲያው ደወለችለት።

«ጋሽ ሀብተ ሚካኤል፣ ስፌቱ ጥሩ ነው። ግን ይህ ጭላዳ አይደለም።»

«የላክሽውን ነው የሠራነው። ልብ ያደረግነው ደንበኛ ስለሚወድ ነው።»

«አንቱ ጭላዳ አይተው ያውቃሉ?»

«በቴሌቪዥን» አለ።

«እንግዲያው ይምጡ። እኔ አሳይዎታለሁ።»

ጎንደር ተወልዶ ጎንደር ያደገ ሰው፣ በስልሳ ዓመቱ፣ በዚያው ሳምንት እሑድ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜን ወጣ። ቴዎፍሎስ ይዟቸው ሄደ። ቡይት ራስ ላይ መቶ የሚሆኑ ጭላዳዎች ሜዳውን ሞልተው ሳር ሲነጩ ደረሱ። ቴዎፍሎስ ሲነግረኝ፣ ሀብተ ሚካኤል መጀመሪያ ከመኪናው አልወርድም ብሎ ነበር። ኋላ ወርዶ ሳሩ ላይ ተቀመጠ፤ ኮቱን እንደለበሰ። ሩመይሳም አጠገቡ ተቀመጠች። ከአንድ ሰዓት በላይ እንደዚያ ቆዩ።

በመጨረሻ ሰውየው «መቀመጫው ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ክብደቱ ያለው ታች ነው። ተቀምጦ ነው የሚበላው፣ ተቀምጦ ነው የሚሄደው። እኛ ሆዱን ነው የሞላነው። ደግሞ ደረቱ ልብ አይደለም፤ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ጫፍ ለጫፍ የተገናኘ ነው የሚመስለው።» ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ የሲጋራ ፓኮ ላይ መሳል ጀመረ።

በዓይኑ ጉዳይ ግን አልተስማሙም። ጥልፍ በመኪና አይሆንም፤ በእጅ ደግሞ አንዱን ፊት ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ የእኔ ሠራተኞች በመኪና መስፋት ብቻ ነው የሚያውቁት አለ ሀብተ ሚካኤል። ሩመይሳ ስለ ቁልፉና ስለ ልጁ ነገረችው። «ፕላስቲክ ከሆነ ትዕዛዙ ይቅርብኝ» አለች። እንዲህ ስትል ጠንከር ብላ አልነበረም፤ ረጋ ብላ ነበር የተናገረችው። ሀብተ ሚካኤል ተከራከረ፤ ደከመው፤ በመጨረሻ መፍትሔውን ያመጣው እሱ ራሱ ነው። አካሉ ጎንደር ይሰፋ፣ ፊቱ ደባርቅ ይጠለፍ። ፊቱ ተጠልፎ ይላክለታል፤ እነሱ ይገጥሙታል። ሩመይሳም ስድስት ሴቶች ሰብስባ ማሠልጠን ጀመረች።

ሥራው በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ሀብተ ሚካኤል ደወለ። «ነይ፤ ተበላሽቷል» ብቻ ነው ያላት።

ስትደርስ ስልሳ ጭላዳዎች ወለል ላይ ተቀምጠዋል። የሁሉም አንገትና ብብት ተተርትሮ የባንቻየሁ ጸጉር ወጥቷል። ሠራተኞቹ ተደርድረው ቆመዋል፤ ሀብተ ሚካኤል ቀድሞ ተቆጥቷቸው ኖሮ ማንም ቀና አይልም። አንዷ ብቻ «እኛ ወረቀቱን ተከትለን ነው የሰፋነው» አለች።

ሩመይሳ ወረቀቱን አምጡልኝ አለች። አየችው። በጣቷ ጠርዙን ዳበሰችው። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች።

ሀብተ ሚካኤል «ቆይ እንጂ፣ መጀመሪያ...» ሲል አቋረጠችው።

«የለም፣ የእኔ ነው። እኔ ወረቀቱን ዞሬ ጨርቁን ስቆርጥ ለስፌት የሚሆን አንድ ጣት ያህል እተዋለሁ። በዓይኔ ነው የምተወው፤ ወረቀቱ ላይ ጽፌው አላውቅም። እናንተ ልክ በወረቀቱ ጠርዝ ቆረጣችሁ፤ ስፌቱ ጠርዙ ላይ ዋለ። ጸጉሩ ሲነፋ ጨርቁን ገፍቶ ወጣ። እጄ የሚያውቀውን ለወረቀቱ አልነገርኩትም። ይቅር በሉኝ።»

ሀብተ ሚካኤል ይህን የነገረኝ ከወራት በኋላ ደባርቅ ሲመጣ ነው። «በሥራ ዘመኔ መኪናው ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ክሩ ነው ሲባል፣ መብራቱ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። አሠሪ በሠራተኛ ፊት የእኔ ነው ሲል ግን አልሰማሁም» አለኝ። እሱም ያኔውኑ ሴቶቹን ይቅርታ እንደጠየቀ አልነገረኝም፤ ያን ሩመይሳ ናት የነገረችኝ።

እዚያው ቆማ ለኔታ ደወለች። ሦስት ሳምንት እንደሚዘገይ፣ ለምን እንደሚዘገይ፣ የማን ጥፋት እንደሆነ ሳትቀንስ ነገረቻት። ኔታ «ሌላ ሰው ቢሆን መንገዱ ተዘጋ ይለኝ ነበር» አለች፤ ሦስቱንም ሳምንት ሰጠቻት። ሩመይሳ አምስት ቀን ጎንደር ቆይታ ከሠራተኞቹ ጋር አዲስ ወረቀት ቆረጠች። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ሁለት መስመር ሠሩ፤ የመቀሱንና የመርፌውን። ከስልሳዎቹ ጸጉሩ ተለቅሞ ዳነ። ጨርቁ ግን አልዳነም፤ የመኪና ዘይት መጥረጊያ ሆነ።

አራት መቶዎቹ በጥቅምት መጀመሪያ አዲስ አበባ ገቡ። ትምህርት ከተጀመረ በኋላ መሆኑ ነው፤ ኔታ ግን ሌላ ሁለት መቶ ጨመረች። አሁን ጎንደር አካሉን ይሰፋል፣ ደባርቅ ፊቱን ይጠልፋል፣ ባንቻየሁ ደግሞ ከቀበሌዋ ሴቶች ጋር ሆና ታጥቦ የተባዘተ ጸጉር በአይሱዙ ትልካለች። እሷ ቅዳሜ ገበያ መውጣቱን አልተወችም፤ «ቤት ስቀመጥ ያመኛል» ትላለች።

ኸይረዲንም ሥራ አገኘ። ከጎንደር የመጣ ካርቶን ሁሉ መጀመሪያ በእሱ እጅ ያልፋል። መስፋት አይችልም፤ ጣቶቹ ግን ደካማ ስፌትን ዓይን ከሚያየው በላይ ያውቃሉ። ጭላዳውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አንገቱን ጎተት፣ ብብቱን ጎተት ያደርጋል፤ ያላማረውን ወደ ግራ፣ ያማረውን ወደ ቀኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ «ሱሪ አትሰፉም እንዴ አሁን?» ብሎ ሲጠይቀው ሰማሁት። «ሱሪ የሚሰፋ ሞልቷል፤ ይህን የሚሰፋ ካለ እስቲ ጥራልኝ!» አለው።

ሩመይሳ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሰሞኑን ዋልያ እየሠራች ነው። ቀንዱ አልቆም ብሏታል፤ በጸጉር ስትሞላው ይጎብጣል፣ ሽቦ እንዳታስገባበት ልጅ ይወጋል። አሥራ አንድ ሠርታ አሥራ አንዱንም ፈትታቸዋለች። ትናንት ሻይ ልጠጣ ስሻገር አሥራ ሁለተኛውን ይዛ፣ ቀንዱን በሁለት ጣቶቿ ደግፋ፣ ለቀቅ እያደረገች ታየው ነበር። ቀንዱ ትንሽ ቆመና ቀስ ብሎ ዘመም አለ።

«ቴዎፍሎስ እንዲህም ሆኖ ይሸጣል ይላል» አልኳት።

«ይሸጥ ይሆናል» አለችኝና መተርተሪያዋን አነሳች።